ትልቋ ሰፊ ናት

ጋሽ ተሰማ ማረፉን የነገረኝ መካኒኩ ኻሊድ ነው። ለሥራ አዳማ ሄጄ ነበር። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታም አላቀረበልኝ፤ «ጋሼ ሄደ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ደግሞ ሳያመነታ ነው የሄደው አቦ። ቁርሱን በልቶ፣ እወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ» አለኝ። ያን ጊዜ የተናገርኩት ዛሬም ያሳፍረኛል። «ጋሽ ተሰማ? ሳያመነታ?» አልኩና ሳቅሁ። ኻሊድም በዚያኛው ጫፍ ሳቀ። ሁለታችንም እያለቀስን ነበር የምንስቀው።

በማግስቱ ድሬዳዋ ስደርስ፣ ከዚራ ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ የጠበቀኝም ይኸው ነበር። ጥግ ይዘው ከተቀመጡት ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች አንዱ ስለ ሱሪው ይጀምራል፣ ሌላው ስለ መኪኖቹ ይቀጥላል፣ ከዚያ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከከተማው ወጣ ካለችው ከመልካ ጀብዱ የመጡ አንዲት እናት ነገሩ ገርሟቸው፣ «ይኼ ለቅሶ ነው ወይስ ሰርግ?» ብለው ተቆጡ። ኻሊድ ነው የመለሰላቸው። «እማማ፣ አትቆጪን» አላቸው። «ይኼ ሰውዬ በዕድሜው ሙሉ ለራሱ ቁርጥ የሆነለት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሁለቱም የተቆረጡት በአንድ ከሰዓት ነው። እሱ ትዝ ብሎን ነው።»

ስለዚያ ከሰዓት ነው የምጽፈው። ግን ሰውየውን ሳያውቁት ከሰዓቱ ብቻውን አይገባምና ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ጋሽ ተሰማን ያወቅሁት የድሮው ባቡር ገና ሳይቆም፣ ጣቢያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስቀጠር ነው። እሱ አንደኛው መስኮት ላይ፣ እኔ ሁለተኛው ላይ። እኔ ወንበሩ እንኳ ያልለመደኝ አዲስ፣ እሱ ወንበሩ የሱን ቅርጽ ይዞ የቀረ ነባር። የመስኮቱ መስታወት ወፍራም፣ የድምፅ ማሳለፊያው ቀዳዳ ጠባብ ስለነበረ፣ ለተሳፋሪ ሲጮህ ኖሮ ድምፁ እዚያው ከፍታ ላይ ቀርቶ ነበር። ሻይ ቤት ይሁን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ስልክ ላይ ይሁን ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ሁልጊዜ ከፊቱ ያለ ይመስለዋል። ጋሽ ተሰማ ምስጢር ሲነግራችሁ ሦስት ቤት ይሰማል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉዱን የምታፈላው እሷ ናት።

ትኬት አቆራረጡም የራሱ ነበር። ትኬቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል፣ ተሳፋሪውን ከመነጽሩ በላይ አሻቅቦ ያየዋል፣ «ቁርጥ ነው?» ይላል።

«ምኑ?»

«መሄድህ።»

ሰውየው ፈገግ ብሎ «አዎ» ካለ ይቆርጥለታል። ትንሽ ከዘገየ ወይም ዓይኑን ከሰበረ ግን፣ «ና እዚህ ጋ ቁም፣ አስብበት፣ ባቡሩ ገና ነው» ብሎ ቀጣዩን ይጠራል። ሰልፉ ይንጫጫል፣ እሱ አይሰማም። አለቃችን አንድ ቀን መጥቶ «አቶ ተሰማ፣ ሥራህ መቁረጥ ነው እንጂ ማናዘዝ አይደለም» አለው። የጋሽ ተሰማ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «መቁረጥማ ቀላል ነው፤ የተቆረጠ ትኬት ግን አይሰፋም።»

ኻሊድ ራሱ ከነዚያ «ቁም» ከተባሉት አንዱ ነው። ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ የአባቱን ጋራዥ ረግሞ፣ የጅቡቲ ትኬት ሊቆርጥ መጣ። «ቁርጥ ነው?» ሲባል «ወላሂ ቁርጥ ነው» አለ፤ ግን ድምፁ ተሰበረ። ጋሽ ተሰማ ጥግ አቆመው። ባቡሩ ጡሩምባውን ነፍቶ ሲወጣ ኻሊድ አሁንም እዚያው ቆሟል። ዛሬ ያንን ጋራዥ የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ አባቱም መርቀውት፣ በልጃቸው እጅ ተይዘው ነው ያለፉት። ጋሽ ተሰማን «ትኬቴን ያልቆረጠልኝ ሰው» እያለ ያስተዋውቀው ነበር።

ታዲያ ሰውን ሁሉ «ቁርጥ ነው?» እያለ የሚያፋጥጠው ሰው፣ ለራሱ ሲሆን ምንም ነገር መቁረጥ አይሆንለትም። ቁርስ ቤት ገብተን ፉል ልብላ ወይስ የአብሽ ሁልባት እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ እኛ በልተን እንጨርሳለን። አስተናጋጇ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ታመጣለታለች፤ ያኔ ደግሞ ከየትኛው እንደሚጀምር ያስባል። ሁለት ባጃጅ እኩል ከቆመለት አንዱን ላለማስቀየም ሁለቱንም አመስግኖ በዚያ ፀሐይ በእግሩ ይሄዳል። የባቡር ሰው ቀልድ አያጣምና፣ «ተሰማ ቆራጭ እንጂ ቆራጥ አይደለም» ተባለ። ቀልዱ ከጣቢያ ወጥቶ ከተማውን ዞረ። እሱም ሰምቶታል፤ ሲሰማም ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ማንም አይስቅበትም ነበር። ሳቅ ቢመጣም ይታፈናል።

ከዚራ ውስጥ ጋሽ ተሰማ የተከራያት ቤት፣ ከሁለት እህትማማቾች ግቢ ጋር አጥር ትጋራለች። እኔም በነዚሁ እህትማማቾች ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቷን ተከራይቼ ነበር የምኖረው። አባታቸው የባቡር ማሽኒስት ነበሩ፤ ቤቱንም ያወረሷቸው እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋ እትዬ አስካለ፣ ሁለተኛዋ እትዬ ሙሉ ይባላሉ። ሰፈሩ ግን በስማቸው አይጠራቸውም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ «ትልቋ» እና «ትንሿ» ናቸው። «ትልቋ አለች?» «ትንሿ ገበያ ወጣች» ይባላል። ሁለቱም ስልሳን ሲጠጉም ትልቋ ትልቋ፣ ትንሿ ትንሿ ነበሩ።

ትንሿ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣች፣ ምላሷ የማይያዝ፣ ሽበቷን በየሁለት ሳምንቱ ጥቁር ቀለም የምትቀባ፣ ሳቋ ከበር የሚቀበል ሴት ናት። ትልቋ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ እህቷን አሳደገች፣ ከዚያ የሰው ሙሽራ ስታለብስ ዕድሜዋ ሄደ። ድሬ ውስጥ ስንት ሙሽራ በሷ እጅ ለብሶ እንደወጣ እሷም አታውቀውም። ዝምተኛ ናት፤ ስትናገር ግን የምትናገረው በልክ የተቆረጠ ነው።

ጋሽ ተሰማ ሱሪ ያሳጥራል። አዲስ ሱሪ ቢገዛ ለትልቋ ይወስዳል፣ ይህ ያለ ነው። እሱ ግን ያጠረውንም መልሶ ይወስዳል። «ትንሽ ረዘመብኝ መሰለኝ» ይላል፣ እግሩ ሥር እየተመለከተ። እሷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ተንበርክካ ትለካለች፣ ምንም ሳትል ጠርዙን ታጥፋለች፣ ስፒል ትሰካለች። «እስከ ምን ላድርገው?» ስትለው «እንደ ዓይንሽ» ይላታል። በዓመታት ብዛት ሱሪዎቹ ሁሉ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጡ፤ ካልሲው ከሩቅ ይታያል። ከተማው ምክንያቱን ያውቃል። አንድ ቀን ደፍሬ «ለምን አትነግራትም?» ብዬው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «አይሆንም ካለችኝ ሱሪዬን የት እወስዳለሁ?» አለኝ። የሚፈራው እሱን ነበር። ያለችውን ትንሽ ነገር እንዳያጣ፣ ሙሉውን አይጠይቅም።

ጡረታ ሲወጣ እንግዲህ መኪና ልግዛ አለ። ዕድሜ ልኩን መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ኖሯል፣ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። «ስንት ሰው ሁርሶ ሰደድኩ፣ ስንቱን ኤረር ሰደድኩ፤ እኔ ግን ባቡሩ ሲቆም በመስኮት ከማየት በቀር ወርጄ አላየኋቸውም» ይል ነበር። ትኬታቸውን የቆረጠላቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየዞረ ማየት ነው ምኞቱ። እኔ በዚህ ምኞት ሳቅሁበት፤ በኋላ ሳስበው ግን እንደሱ ያለ ንጹሕ ምኞት የትም አላየሁም።

በዚያው ሰሞን ኻሊድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሁለት መኪኖች ለሽያጭ ቆመዋል። ባለቤቶቻቸው ከከዚራ አሮጌ ቪላዎች ለቀው የሄዱ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ባለ ሁለት በር፣ ኩፔ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ቀይ፣ አጭር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ለሩጫ የተሠራች፤ ከሹፌሩ ጎን አንድ ወንበር፣ ከኋላ ምንም። ሁለተኛዋ ግራጫ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ለሩቅ መንገድ የተሠራች፤ ከኋላዋ ሁለት ሰው በደንብ ትይዛለች። ጋሽ ተሰማ ከባቡር የለቀማት ፈረንሳይኛ ስለነበረችው፣ «ኩፔ ማለት የተቆረጠ ማለት ነው፤ የተቆረጠ ነገር ለመግዛት እኔ መቁረጥ አለብኝ» ብሎ ለራሱ ሳቀ። መኪኖቹንም እንደ ሰው «ትልቋ» እና «ትንሿ» አላቸው። ለምን እንዲህ እንዳላቸው አላሰበበትም። እኛም አላሰብንበትም።

መጀመሪያ ትንሿን ሞከራት። ሲገባ ደህና ገባ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ አንዴ ዞሮ መጣ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል። «ነፍስ አላት» ይላል፣ «ገና ፔዳሉን ስታየው ትነሳለች።» መውጣት ላይ ግን ወገቡ እምቢ አለ። ኻሊድ በብብቱ፣ እኔ በእጁ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር በእግሩ ይዘን አወጣነው። እሱ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ አሁንም «ነፍስ አላት» ይላል።

በሳምንቱ ትልቋን ይዞ መልካ ጀብዱ ወረደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። መንገዱን እንደ አልጋ አደረገችው። ስንመለስ ግን ችግሩ ታየ። ድሬ ላይ የሚታወቅ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እያየህ ማለፍ ነውር ነው፤ ጋሽ ተሰማን ደግሞ የማያውቀው የለም። የመጀመሪያውን ስንጭን እኔ ወረድኩ፣ ወንበሩ ታጠፈ፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከኋላ ገባ። ሁለተኛዋን ስንጭን እንደገና ወረድኩ። የመጀመሪያው ከሁለተኛዋ በፊት መውረድ ሲፈልግ ሁላችንም ወረድን። ከመልካ ጀብዱ ተነስተን ከተማ እስክንደርስ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አልቆጠርኩም፤ ኻሊድ ግን ጫማዬን አይቶ «አንቺ በእግርሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ተሰማ እንቅልፍ አጣ። ባቡሩ ሲቆም ወሬ ያጡት ጡረተኞች በሁለት ተከፈሉ፤ ሻይ ቤቱ የትንሿ ደጋፊና የትልቋ ደጋፊ ሆኖ ተቀመጠ። ኻሊድ ገዢ እየመጣበት «ተይዛለች» እያለ ሁለቱንም አቆየለት። እኔ ትልቋን ግዛ አልኩት። የሚያመነታበትን ምክንያት የነገረኝ ያኔ ነው። «ልቤም ትልቋን ነው የሚወድ» አለኝ። «ግን ልጄ፣ ሦስት ባዶ ወንበር ይዤ ሁርሶ ልሂድ? ትንሿ እኮ ባዶ ወንበሯ አንድ ብቻ ነው።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ሐዘን የለም፣ እንደ ሂሳብ ነው ያስቀመጠው።

ሐሙስ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ጋሽ ተሰማ ግቢው ውስጥ ቆሞ ለኻሊድ ደወለ። ከአጥሩ ወዲህ እትዬ ሙሉ፣ ማለትም ትንሿ፣ ልብስ ታሰጣለች። ስለ መኪኖቹ እሷም ሆነች ትልቋ የሰሙት ነገር አልነበረም፤ ሻይ ቤት የሚውሉ ሴቶች አይደሉም፣ እኔንም ለሁለቱ እንዳልነግር አስምሎኛል። ያ የመስታወት ድምፅ አጥሩን ተሻግሮ መጣ።

«ስማ ኻሊድ፣ ትልቋንና ትንሿን ሳወዳድር ምሳዬንም አልበላሁ። ሁለቱንም ልወስድ አልችልም፣ ግቢዬ ለአንዷ ነው የሚበቃው። ትልቋ ሰፊ ናት። ጠባይዋ ጥሩ ነው፣ ሩቅ ታዛልቃለች። ግን ከብዳለች፣ ዳገት ላይ ትተነፍሳለች። ትንሿ እሳት ናት። ግን እሷ ቀለም ተቀብታ ነው የምታምረው እንጂ ከሥር ዝጋለች። ዕድሜማ ሁለቱም ያው ናቸው፤ አሮጌ ናቸው። ሃዬ፣ ቅዳሜ መጥቼ ቁርጡን እነግርሃለሁ። ትንሿ ሳትሆን አትቀርም።»

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ነገር ልብ በሉልኝ። እሱ «ሰፊ» ያለው አጥብቆ ነው፣ ቦታ አላት ማለቱ ነው። አላልታ የሰማችው ሙሉ ራሷ ናት። ትልቋ ልብስ ሰፊ መሆኗን ማን ይስታል? ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ልክ ልክ ሆኖ ገጠመላት። ቀለሙ ሲጠቀስ ደግሞ እጇ ወደ ፀጉሯ ሄደ። የታጠበውን ልብስ ጭቃ ላይ ጥላ ወደ እህቷ ሮጠች።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሐሙስና ዓርብ ግቢው ውስጥ የመኪና ድምፅ አልነበረም፤ የስፌት መኪናዋን ማለቴ ነው። ቅዳሜ እትዬ አስካለ ጠራችኝና አንድ የተጠቀለለ ሱሪ ሰጠችኝ። ስፒሉ እንደተሰካ፣ ጠርዙ ሳይሰፋ። «ለሰውየው ስጪው። ሌላ ሰፊ ይፈልግ በይው» አለችኝ። አልጋዋ ላይ ልብስ ታጥፏል፣ ሻንጣ ተከፍቷል። ሰኞ አዲስ አበባ የአጎቷ ልጅ ጋ እንደምትሄድ፣ ከተስማማትም እንደማትመለስ ነገረችኝ።

«ምን ተፈጠረ እትዬ?»

«ምንም» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሻንጣው አዙራ፣ «ትንሿን መምረጡ ቅር አላለኝም። አንድ ሱሪ ስንት ዓመት ሙሉ ሳሳጥር፣ እኔ ሌላ ነገር ያለ መስሎኝ መቆየቴ ነው» አለች።

ሙሉን በር ላይ ይዤ ጠየቅኋት። የሰማችውን ቃል በቃል፣ በጋሽ ተሰማ ድምፅ ሳይቀር አወረደችልኝ። «ከሥር ዝጋለች» ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሳቅ ነው የጣለኝ። ሙሉ ያበድኩ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሄደች።

እዚያው ሆኜ መንገር እችል ነበር። ግን ኃጢአቴን ልናገር፣ አልነገርኳቸውም። የኔ ማስረዳት ልብሱን ከሻንጣው ያስመልሳል፤ ሱሪ ማሳጠሩን ግን እንደገና ያስጀምረዋል። ያንን ደግሞ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ሱሪውን ይዤ ወደ ጋሽ ተሰማ ሄድኩ። ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ኻሊድ ሊወጣ ነበር። ስፒሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ሰኞ ከተማውን ልትለቅ ነው። ምን እንዳጠፋህ ራስህ ሄደህ ጠይቃት» አልኩት። አላመነታም። ባርኔጣውን መልሶ ሰቀለና ተከተለኝ።

እትዬ አስካለ የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ለመጨረስ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። ሙሉ እጇን አጣምራ ከጎኗ ቆማለች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«አስካለ፣ ሱሪዬን በስፒሉ መለስሽው።»

«ሌላ ሰፊ ፈልግ ብያለሁ።» መኪናዋን አላቆመችም።

«ምን አጠፋሁ?»

የመለሰችው ሙሉ ናት። «ትልቋ ዳገት ላይ ትተነፍሳለች ያልከው አንተ ነህ አይደለህም?»

«ነኝ» አለ ጋሽ ተሰማ፣ ግራ ገብቶት። «እውነት ነዋ። ኻሊድን ጠይቂው፣ እሱም ሰምቷታል።»

«ኻሊድም» አለች ሙሉ። «ትንሿ ከሥር ዝጋለችስ ያልከው?»

«ዝጋለቻ። ባትሪ ይዤ አይቻታለሁ እኮ።»

መኪናዋ ቆመች። ሙሉ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔም ከዚህ በላይ መቻል አልቻልኩም። «ጋሽ ተሰማ፣ ስለ መኪኖቹ መሆኑን ንገራቸው» አልኩ።

«ስለ መኪኖቹ ነው እንጂ ስለ ምን ይሆናል?» አለ። «ቀይዋና ግራጫዋ። ኻሊድ ጋ የቆሙት። ልገዛ ነው ብዬ...» እዚህ ላይ ሲደርስ ትልቋን አየ፣ ትንሿን አየ። ሻንጣውን አየ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ከፊቱ ይታይ ነበር። ወንበር ስቦ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«እናንተን?» አለ። «እኔ እናንተን ላማርጥ?»

መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገ።

«እኔ መምረጥ የማላውቀው መኪና ነው። ሸሚዝ መምረጥ አላውቅም፣ ቁርስ መምረጥ አላውቅም። እዚህ ቤት ውስጥ ግን የምመርጠው ነገር የለም። ይኼኛው ድሮ ያለቀ ነው።»

«የት ነው ያለቀው?» አለች ሙሉ።

«እኔ ጋ።»

«ማን ሰማህ? ስም ጥራ።»

ጋሽ ተሰማን ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አስካለ» አለ። ከአጥሩ ወዲያ ቀርቶ በሩ ላይ ለነበርኩት ለኔም በግድ ነው የተሰማኝ።

ሙሉ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትልቋ ግን ከመርፌው ሥር ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ቀሚሱን አንስታ አጠፈች፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ መልሳም ፈታችው። ጋሽ ተሰማ ጉልበቱን ይዞ ይጠብቃል፤ ካልሲው እንደ ወትሮው ወጥቷል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለሰው የጸለይኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

በመጨረሻ ቀና አለች።

«መኪናውንስ ወስነሃል?» አለችው።

«ትንሿን ልል ነበር። ለብቻዬ ስለሆንኩ።»

«ትልቋን ግዛ» አለች። «ትንሿን ከገዛህ ሙሉን የት ልናስቀምጣት ነው?»